«ማዘርቦርዱ ሄዷል» ከመባሉ በፊት

ያረጀ ድራይቨርና ፈርምዌር ጤነኛውን ኮምፒዩተር በመለዋወጫ ዋጋ ያሸጣል

በኮምፒዩተር ገበያ ውስጥ ባለንብረቱን ብዙ ገንዘብ የሚያስወጣው ቃል «ማዘርቦርዱ ሄዷል» የሚለው ነው። ሥራ ላይ ያለ ኮምፒዩተር በድንገት ሰማያዊ ይሆንና ይጠፋል፤ ተመልሶ ይነሣል፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ያንኑ ይደግማል። የባለሱቁ የፒችትሪ መዝገብ፣ የዕቃ ቆጠራውና የደንበኞቹ ዱቤ ሁሉ እዚያ ውስጥ ነውና ይደነግጣል፤ ኮምፒዩተሩን ተሸክሞ ወደ ጥገና ቤት ይሮጣል። ከዚያ በኋላ የሚሰማው ብይን ብዙውን ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ «ፎርማት ይደረግ» ይባላል፤ መዝገቡ አስቀድሞ ካልተገለበጠም አብሮ ይሄዳል። አለዚያም ማዘርቦርዱ ሄዷል ይባልና ኮምፒዩተሩ በመለዋወጫ ዋጋ ይሸጣል። በርካሽ የገዛው ሰው ትክክለኛውን ድራይቨር ጭኖ በሳምንቱ «ያገለገለ፣ ንጹሕ» ብሎ ቢሸጠው ሕግ አልጣሰም። ትርፉን ያገኘው ባለንብረቱ ማየት ይችል የነበረውን ነገር ስላየ ብቻ ነው።

በእርግጥ የምር የሞተ ማዘርቦርድም አለ። ጥያቄው ብይኑ የተሰጠው ምን ተመርምሮ ነው የሚለው ነው። ይህ ጉዳይ አንድ ላፕቶፕ ላለው ባለሱቅ ብቻ የሚጠቅም አይደለም። ከመሥሪያ ቤት በጨረታ የሚወጣ ኮምፒዩተር በጅምላ የሚገዛ ነጋዴ «ብልሽት» ተብሎ ለብቻ ከተቆለለው ውስጥ ስንቱ ጤነኛ እንደሆነ መገመት ከቻለ፣ የሚያቀርበው ዋጋ ከሌላው ተጫራች የተለየ ይሆናል።

ደላላውና የውስጥ ደንቡ

ድራይቨር ምን እንደሆነ ለገበያ ሰው ማስረዳት ቀላል ነው፤ ደላላ ነው። ዊንዶውስ የስክሪን ካርዱን፣ የዋይፋይ ካርዱን ወይም ፕሪንተሩን በቀጥታ አያነጋግርም። የዕቃውን ቋንቋ የሚያውቅ አንድ አነስተኛ ፕሮግራም በመካከል ይቆማል። ዊንዶውስ በየወሩ ሲታደስ ይህ ደላላ ግን ኮምፒዩተሩ ከፋብሪካ በወጣበት ቀን እንዳለ ይቀርና፣ ገበያው ተለውጦ እያለ በድሮው ዋጋ ሊያስማማ ይሞክራል። ጠብ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው።

ፈርምዌር ደግሞ ፋብሪካው በዕቃው ሆድ ውስጥ የጻፈው ፕሮግራም ነው፤ የዕቃው የውስጥ ደንብ ማለት ነው። ማዘርቦርዱ የራሱ አለው፤ ባዮስ የሚባለው ይኸው ነው። ዲስኩም አለው፤ የዋይፋይ ካርዱም እንዲሁ። ኮምፒዩተሩ ፎርማት ሲደረግ ፈርምዌሩ አይነካም። ስለዚህ ችግሩ እዚያ ከሆነ አሥር ጊዜ ፎርማት ቢደረግ አይድንም፤ ለአሥሩም ግን ይከፈላል።

ተራ ፕሮግራም ሲሳሳት ራሱ ይዘጋል። ድራይቨር ሲሳሳት ኮምፒዩተሩ በሙሉ የሚወድቀው፣ አብዛኛው ድራይቨር የሚሠራው ከርነል በሚባለው የዊንዶውስ እምብርት ውስጥ ስለሆነ ነው። እዚያ ስሕተት ሲገኝ ዊንዶውስ መረጃ ከሚበላሽ ልቁም ብሎ ራሱን ያቆማል። ሰማያዊው ስክሪን የዚህ ውሳኔ ማስታወቂያ ነው፤ ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2025 በዊንዶውስ 11 ላይ ቀለሙን ወደ ጥቁር ለውጦታል። ጉዳዩ ጥቂቶችን ብቻ የሚነካ እንዳይመስል ሁለት የቆዩ አኃዞችን መጥቀስ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ ጥናት በዊንዶውስ ኤክስፒ ላይ ሪፖርት ከተደረጉት ብልሽቶች 85 በመቶው ከድራይቨር የመጡ መሆናቸውን ጠቅሷል። ቪስታ ለገበያ በዋለበት በ2007 ደግሞ፣ ኋላ በፍርድ ቤት ክርክር ይፋ የሆነ የማይክሮሶፍት የውስጥ ሰነድ ከተመዘገቡት መውደቆች 28.8 በመቶውን ለኤንቪዲያ ድራይቨሮች ሰጥቶ፣ ለማይክሮሶፍት ለራሱ ያስቀረው 18 በመቶ ገደማ ነበር።

ምርመራው ከመብራት ይጀምራል

አዲስ አበባ ውስጥ ድራይቨርን ከመጠርጠር በፊት የኤሌክትሪክ ኃይሉን መጠርጠር ያስፈልጋል። ኮምፒዩተሩ ምንም ጽሑፍ ሳያሳይ እንደ መብራት ድርግም ብሎ የሚጠፋ ከሆነ፣ ነገሩ ከቻርጀር፣ ከፓወር ሰፕላይ፣ ከሙቀት ወይም ከአቧራ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ኢቨንት ቪውወር በሚባለው የዊንዶውስ መዝገብ ውስጥ «ከርነል ፓወር» ተብሎ ቁጥር 41 ተጽፎ፣ በውስጡ ያለው የስሕተት ኮድ ዜሮ ከሆነ ይህንኑ ያጠናክራል። ሰማያዊ ስክሪን አሳይቶ የሚወድቅ ግን ሊናገር የፈለገው ነገር አለው።

የሚናገረውን መስማት የሚቻለው በስልክ ፎቶግራፍ በማንሣት ነው። ከታች የሚታየው ኮድ ከየትኛውም ባለሙያ ግምት የተሻለ መነሻ ነው። «ቪዲዮ ቲዲአር ፌይለር» የሚል ከሆነ ጣቱን የሚቀስረው በስክሪን ድራይቨሩ ላይ ነው። «ድራይቨር» በሚል ቃል የሚጀምር ከሆነ ስሙ ራሱ ይመሰክራል፤ ብዙ ጊዜም የበደለውን ፋይል ስም አብሮ ይጽፋል። ፋይሉ በ«ኤን ቪ» ፊደላት ቢጀምር የኤንቪዲያ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። «ሜሞሪ ማኔጅመንት» የሚል ከሆነ ወይም በየጊዜው የሚመጣው ኮድ የተለያየ ከሆነ ግን በመጀመሪያ ራሙ ይፈተሽ። የራም መፈተሻ ዊንዶውስ ውስጥ አብሮ ይመጣል፤ የሚከፈልበት አይደለም።

ብዙ ባለንብረት የማያውቀው ሌላም መዝገብ አለ። በዊንዶውስ መፈለጊያ ሣጥን ውስጥ «ሪላያቢሊቲ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ሲጻፍ የሚከፈት የቀን መቁጠሪያ ነው። ኮምፒዩተሩ የወደቀበት ቀን ሁሉ በቀይ ምልክት ይታይበታል። መፈለግ ያለበት የመጀመሪያው ቀይ ነው፤ ከእርሱ በፊት በነበሩት አንድ ሁለት ቀናት ምን እንደተጫነ እዚያው ተጽፎ ይገኛል። አዲስ ፕሪንተር፣ አዲስ ፀረ ቫይረስ፣ የዊንዶውስ እድሳት፤ ከእነዚህ አንዱ ከተገኘ ግማሹ ምርመራ አለቀ ማለት ነው።

ወሳኙ ፈተና ሴፍ ሞድ ነው። የሺፍት ቁልፍ ተጭኖ «ሪስታርት» ሲባል በሚመጣው ዝርዝር በኩል ይገባል። በዚህ ሁኔታ ዊንዶውስ የሚነሣው ያለ እነርሱ መቆም በማይችላቸው ጥቂት ድራይቨሮች ብቻ ነው። ሌላ ጊዜ በየሃያ ደቂቃው ሲወድቅ የነበረ ኮምፒዩተር በሴፍ ሞድ ግማሽ ቀን ከቆየ፣ ማዘርቦርዱ ሄዷል የሚለው ብይን ይግባኝ ሊባልበት ይገባል። እዚያም ውስጥ ሆኖ ከወደቀ ጥርጣሬው ወደ ዕቃው ይዞራል።

ድራይቨሩ ከየት ይምጣ

ጥፋተኛው ድራይቨር መሆኑ ከታወቀ የሚቀጥለው ጥያቄ ትክክለኛውን ማግኘት ነው። በጥገና ቤቶች የተለመደው «ድራይቨር ፓክ» የሚባለውን፣ የሺህ ዓይነት ኮምፒዩተር ድራይቨሮች የታጨቁበትን ስብስብ ከፍላሽ መጫን ነው። ኢንተርኔት ውድና ቀርፋፋ በነበረበት ጊዜ ይህ ችግር ያቃለለ ዘዴ ነበር፤ ዛሬም ዋይፋዩ ጭራሽ ለማይሠራ ኮምፒዩተር ያገለግል ይሆናል። ነገር ግን ስብስቡ ራሱ ያረጀ ሊሆን ይችላል፤ ለዚያ ሞዴል የተሰፋም አይደለም። ትክክለኛው መንገድ ከአምራቹ መውሰድ ነው። በዴል ላፕቶፕ ሆድ ላይ ሰባት ፊደልና ቁጥር የያዘ «ሰርቪስ ታግ» ተለጥፏል፤ ኤችፒና ሌኖቮም የየራሳቸው መለያ ቁጥር አላቸው። ቁጥሩን በአምራቹ ገጽ ላይ ማስገባት ለዚያው ኮምፒዩተር የተዘጋጁትን ድራይቨሮችና ባዮስ ከነቀናቸው ያወጣል። ክፍያ የለውም።

እዚህ ላይ አንድ ማሳሳቻ አለ። ዲቫይስ ማኔጀር ከፍቶ የድራይቨሮቹን ቀን የሚመለከት ሰው በብዙዎቹ ላይ እ.ኤ.አ. ጁን 21 ቀን 2006 የሚል ያገኝና «ይኸው ጥፋቱ» ይላል። ጥፋት የለም። ማይክሮሶፍት ከዊንዶውስ ጋር አብረው ለሚመጡት ድራይቨሮች ሆን ብሎ ይህንን የድሮ ቀን ይሰጣል፤ የአምራቹ ድራይቨር ሲመጣ ቅድሚያ እንዲያገኝ ነው። መታየት ያለበት የአምራቹ ስም የተጻፈበትና ቢጫ ምልክት የተደረገበት ነው።

መውደቁ የጀመረው ድራይቨር ከታደሰ በኋላ ከሆነ ደግሞ መድኃኒቱ ተቃራኒው ነው፤ እዚያው ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ «ሮል ባክ» የሚለው ወደ ቀድሞው ይመልሳል።

በ32,768ኛው ሰዓት የሚሞት ዲስክ

በፈርምዌር ችላ ባይነት ምን ያህል ሊታጣ እንደሚችል የሚያሳይ አንድ ጉዳይ አለ፤ ሰርቨር ለሚገዛና ለሚሸጥ ሁሉ ቢታወቅ ይጠቅማል። ሂውሌት ፓካርድ ኢንተርፕራይዝ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2019 ለደንበኞቹ አንድ ማስጠንቀቂያ አወጣ። በሰርቨሮቹ ውስጥ የሚገቡ አንዳንድ የኤስኤስዲ ዲስኮች ፈርምዌራቸው ኤችፒዲ 8 ከሚባለው በፊት የነበረ ከሆነ፣ ልክ 32,768 ሰዓት እንደሠሩ ይሞታሉ። ይህም 3 ዓመት ከ270 ቀን ከ8 ሰዓት ነው። ከሞቱ በኋላ ዲስኩም ሆነ በውስጡ ያለው መረጃ አይመለስም። ቁጥሩ እንዲሁ የመጣ አይደለም፤ 2 በራሱ 15 ጊዜ ሲባዛ የሚገኘው ነው። በኮምፒዩተር ውስጥ አንድ ዓይነት ቆጣሪ ሞልቶ የሚፈስበት ልክ ይኸው ነው። በማርች 2020 ደግሞ ሌላ ማስጠንቀቂያ ተከተለ፤ በዚህኛው የተጠቀሱት ዲስኮች ዕድሜ 40,000 ሰዓት ነበር።

ሰርቨር የገዛ ሰው «ራይድ አለኝ፤ አንዱ ዲስክ ቢሞት ሌላው ይተካዋል» ብሎ ይተኛል። የዚህ ጉዳይ ክፋቱ እዚህ ላይ ነው። በአንድ ቀን ተገዝተው በአንድ ቀን ሥራ የጀመሩ ዲስኮች ሰዓታቸውን አብረው ስለሚቆጥሩ፣ አብረው ይሞታሉ። ኩባንያው ራሱ በማስጠንቀቂያው ላይ ይህንን ጠቅሶታል። ማዳኛው ደግሞ በጊዜው የሚጫን አንድ ነጻ ፋይል ነበር።

ከውጭ የሚገባ ያገለገለ ሰርቨር ቀንና ሌሊት ሲሠራ ኖሮ የመጣ ነው። ዲስኩ ስንት ሰዓት ሠርቷል፣ ፈርምዌሩ የትኛው ነው ብሎ መጠየቅ መኪና ሲገዛ ስንት ኪሎ ሜትር ሄዷል ብሎ እንደመጠየቅ ነው። ለተራ ላፕቶፕና ዴስክቶፕ «ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ» የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ሁለቱንም በአንድ ገጽ ያሳያል። ሻጩ ይህን ለማየት የማይፈቅድ ከሆነ ምክንያቱን በዋጋ ማስከፈል ይቻላል።

ሁለተኛው ጉዳይ የኢንቴል ነው። የ13ኛና የ14ኛ ጄኔሬሽን ኃይለኛ የዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮች ያለምክንያት እየወደቁ ተጠቃሚዎች ሲያማርሩ ከቆዩ በኋላ፣ ኩባንያው እ.ኤ.አ. በጁላይ 2024 ምክንያቱን አስታወቀ። ማይክሮኮድ የሚባለው የፕሮሰሰሩ የውስጥ መመሪያ ከሚገባው በላይ ቮልቴጅ ሲጠይቅ ነበር። ማረሚያው ከኦገስት ጀምሮ በማዘርቦርድ አምራቾች በኩል በባዮስ እድሳት መልክ ወጣ፤ ኢንቴልም በዋስትናው ላይ ሁለት ዓመት ጨመረ። ለገዢ ዋናው ነገር እድሳቱ ጉዳቱን ይከላከላል እንጂ የተጎዳውን አይመልስም። ለሁለት ዓመት በአሮጌው ባዮስ ሲሠራ የነበረ ዴስክቶፕና በጊዜው የታደሰው በውጭ አይለያዩም፤ ዋጋቸው ግን አንድ መሆን አልነበረበትም። የላፕቶፕ ፕሮሰሰሮች በዚህ ጉዳይ እንደማይነኩ ኩባንያው ገልጿል።

ባዮስ ሲታደስ መብራት ቢጠፋ

ድራይቨር ሲሳሳት ይመለሳል። ባዮስ ግን በእድሳቱ መካከል ኃይል ከተቋረጠ ኮምፒዩተሩ ጨርሶ ላይነሣ ይችላል፤ ያን ጊዜ «ማዘርቦርዱ ሄዷል» የተባለው በባለንብረቱ እጅ እውነት ሆነ ማለት ነው። እርግጥ ባዮሱን በልዩ መሣሪያ ቺፑ ላይ እንደገና የሚጽፉ ጠጋኞች አሉ፤ ቢሆንም ያለ ወጪ አይሆንም። ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪው ተሞልቶ ቻርጀሩም ተሰክቶ፣ ዴስክቶፕ ከሆነ በዩፒኤስ ላይ ሆኖ ብቻ ይታደስ። የዩፒኤሱ ባትሪ ያልሞተ መሆኑም በቅድሚያ ይረጋገጥ፤ ብዙ ሱቅ ውስጥ ያለው ዩፒኤስ ከማከፋፈያ ያልተለየ ነውና።

ሌላው ወጥመድ ቢትሎከር ነው። በብዙ አዳዲስ ላፕቶፖች ላይ ዲስኩ በምስጢር ቁልፍ የተቆለፈ ሆኖ ባለቤቱ ግን አያውቅም። ባዮስ ሲለወጥ ኮምፒዩተሩ ሌባ የነካው መስሎት 48 አኃዝ ያለው ቁልፍ ሊጠይቅ ይችላል። ቁልፉ በባለቤቱ የማይክሮሶፍት አካውንት ውስጥ ይኖር ይሆናል፤ አካውንቱን ከከፈተለት ሠራተኛ ጋር ሄዶም ይሆናል። ከእድሳቱ በፊት ቢትሎከርን ለጊዜው ማገድና መዝገቡን በሌላ ዲስክ መገልበጥ የግድ ነው።

ከዚህም የተነሣ ያለምክንያት ባዮስ የሚያድስ ሰው ትርፍ የለውም። የሚታደሰው ኮምፒዩተሩ ሲወድቅና አምራቹ «ይህንን አርሜአለሁ» ብሎ ሲጽፍ፣ አለዚያም የጥበቃ ቀዳዳ ሲደፈን ነው።

አዲስ ሁሉ ጤና አይደለም

እ.ኤ.አ. በማርች 2010 ኤንቪዲያ ያወጣው 196.75 የተባለ ድራይቨር የስክሪን ካርዶችን ማራገቢያ እያዘገየ ካርዶች እንዲግሉ ስላደረገ ወዲያው ከገበያ ተነሥቷል። ከዚያ የከፋው የጁላይ 19 ቀን 2024ቱ ነው። ክራውድስትራይክ የተባለው የጥበቃ ኩባንያ በከርነል ውስጥ ለሚሠራው ፕሮግራሙ የላከው አንድ የተሳሳተ ፋይል፣ በማይክሮሶፍት ግምት 8.5 ሚሊዮን ኮምፒዩተሮችን ጣለ፤ አውሮፕላኖች ቀሩ፤ ባንኮችና ሆስፒታሎች ተስተጓጎሉ። መድኃኒቱም ብዙ ቦታ ላይ በእጅ የሚሠራ ነበር፤ ኮምፒዩተሩን በሴፍ ሞድ ማስነሣትና ያንን ፋይል መሰረዝ። አምስት ስድስት ኮምፒዩተር ያለው ድርጅት ሁሉንም በአንድ ቀን ማደስ የለበትም። አንዱ ይታደስ፤ ሳምንት ይሥራ፤ ከዚያ ሌሎቹ ይከተሉ።

ለገዢና ለሻጭ

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 በደንቡ መሠረት ከጥቂቶች በቀር የሚቀበለው ከኢንቴል 8ኛ ጄኔሬሽን ወዲህ ያሉትን ነው። በዚህ ምክንያት 7ኛና ከዚያ በታች የሆነ ላፕቶፕ ዛሬ ቢሠራም፣ አምራቹ አዲስ ድራይቨር ይጽፍለታል ተብሎ አይጠበቅም። በግድ ዊንዶውስ 11 የተጫነበትም «ዘመናዊ ሆነ» ተብሎ ዋጋ ሊጨመርለት አይገባም፤ በድራይቨር የመውደቅ አደጋው ከፍ ያለ ነው።

በጅምላ የሚገዛ ሰው ባዮሱ በይለፍ ቃል የተቆለፈ መሆን አለመሆኑን ከቁልሉ ጥቂት አንሥቶ ይሞክር። የተቆለፈ ባዮስ ያለ ቁልፉ መክፈት ከባድ ነው፤ ካልተከፈተም ላይታደስ ይችላል። በጨረታ ሰነዱ ላይ «እንዳለ ይሸጣል» የሚለው ሐረግ ይህንንም ይጨምራል።

ከዚህ ሁሉ ውጪ የሚቀመጠው የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ ነው። እርሱም ፈርምዌር አለው፤ እርሱም ይደናቀፋል። ነገር ግን የታሸገና በግብር ባለሥልጣኑ የተመዘገበ ስለሆነ፣ መክፈትና ማደስ የሚችለው ፈቃድ ያለው የአገልግሎት ማዕከል ብቻ ነው። ሲበላሽ ባለሱቁ የሚያደርገው ለአገልግሎት ማዕከሉና ለግብር መሥሪያ ቤቱ ወዲያው ማሳወቅ ነው፤ ኮምፒዩተር የሚጠግነው ልጅ ምንም ጎበዝ ቢሆን ማኅተሙን እንዲነካ አይፈቀድለትም።